የመወርወሪያና የጩቤ ልጆች
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ውይይት ላይ የተነገረ)



በዛሬው ምሽት ልንናገርበት የመረጥነው ነገር ከዩኒቨርሲቲያችን ደጃፍ በጣም የራቀ ይመስላል። ይኸውም በደቡብ ሕንድ፣ የታሚል ቋንቋ በሚነገርበት አገር፣ ካይኮላር ስለሚባሉት የሂንዱ ሸማኔዎችና ስለ ልማዳቸው ነው። ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ጊዜ አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «የገዛ ሸማኔዎቻችንን ሳናውቅ የሕንድ ሸማኔ ምን ያደርግልናል?» ብለው እንደ ቀለዱብን ሰምተናል። ቀልዱ ፍሬ አለው፤ አንቈጣም። ነገር ግን ብዙዎቹ ወላጆቻችን ሒሳብና ፊዚክስ የተማሩት በየአውራጃው ከነበሩት የሕንድ መምህራን እንደ ኾነ ይታወቃል። እኛ ግን ስለ አገራቸው ከፊልምና ከዘፈን ያለፈ ነገር አልጠየቅንም። ደግሞም ሸማኔው እግሩን ጕድጓድ ውስጥ ሰዶ፣ በመሬት ጠርዝ ተቀምጦ የሚሠራበት ዕቃ በሽሮ ሜዳም በታሚል መንደርም እኅትማማች ነው። የሚያነጋግር ነገር አለን ማለት ነው።

ካስት የሚባለው፣ ሰው በልደት የሚገባበት፣ በጋብቻ የማይወጣበት፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሙያ ጋራ የተሳሰረ ወገን ነው። ካይኮላሮች በታሚል አገር ካሉት የሸማኔ ካስቶች መካከል ከታላላቆቹ አንዱ ናቸው። ብቸኞቹ ግን አይደሉም፤ በዚያው አገር ዴቫንጋዎች፣ ሳሊያሮች፣ ከሰሜን ከጉጅራት ወገን መጣን የሚሉ የሳውራሽትራ ሐር ሠሪዎችም አሉ፤ ኹሉም ሸማኔ ሲኾኑ አንዱ ከሌላው ጋራ አይጋባም ነበር። ስለዚህ «የሕንድ ሸማኔ» ብሎ በጅምላ መናገር «የአፍሪካ ገበሬ» ብሎ እንደ መናገር ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከስማቸው እንጀምር። በታሚል «ካይ» እጅ ነው፤ «ኮል» ዘንግ ነው፤ መወርወሪያም ይባላል። እንግዲህ ካይኮላር ማለት በእጁ መወርወሪያ የያዘ ማለት ነው። ሌላው ስማቸው ደግሞ ሴንጉንታር ሲኾን፣ ትርጓሜው የቀይ ጩቤ ሰዎች ማለት ነው። ጩቤና መወርወሪያ እንዴት በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ? አፈ ታሪካቸው እንዲህ ይመልሳል። ሱራፓድማ የሚባል ጋኔን ምድርን ባስጨነቀ ጊዜ አምላካቸው ሺቫ ተቈጣ፤ ከዐይኖቹም የእሳት ፍንጣሪ ወጣ። ሚስቱ ፓርቫቲ ደንግጣ ስትሸሽ ከእግሯ አልቦ ዘጠኝ ፈርጦች ወደቁ። ሺቫ ፈርጦቹን ዘጠኝ ሴቶች አደረጋቸው፤ እያንዳንዳቸውም ጢም ያወጣ፣ ጩቤ የታጠቀ ጐልማሳ ወለዱ። ዘጠኙ ጀግኖች የሺቫን ልጅ ሙሩጋንን ተከትለው ዘመቱና ጋኔኑ ድል ኾነ። ካይኮላሮች ከእነዚህ ከዘጠኙ የአንዱ፣ የቪራባሁ ዘር ነን ይላሉ። ዘመቻው ካለቀ በኋላ ሺቫ ሕይወት ያለውን ፍጥረት የማይጐዳ ሥራ እንዲይዙ አዘዛቸው፤ እንዲህ ያለ ሥራም ሽመና ኾኖ ተገኘ።

ይኸን ተረት በችኰላ ማለፍ አይገባም። በእኛ አገር ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ» ብሎ መስደብ ከመለመዱ የተነሣ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1908 በአዋጅ ባለ እጅን መሳደብ እስከ መከልከል ደርሰዋል፤ አዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን ወዲያው አልጠፋም። ካይኮላር ግን ለልጁ የሚነግረው ሥራው የርግማን ዕጣ ሳይኾን የድል ሽልማት መኾኑን ነው። ሰይፉን ያስቀመጠ ወታደር መወርወሪያ አነሣ ይላል። ተረት ብቻ ነው እንዳንል ደግሞ የድንጋይ ጽሑፎች አሉ። ከ10ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ በቾላ ነገሥታት ዘመን የተቀረጹ ጽሑፎች ካይኮላ የሚል ስም ያላቸውን የጦር ክፍሎች ያነሣሉ። በአንድ ወገን ሸማኔ፣ በሌላ ወገን ወታደር፣ ጨርቁን ይዞ ሲነግድም ነጋዴ የኾነ ሕዝብ ነበረ። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ማቲሰን ማይንዝ በ1984 ስለ እነርሱ ያሳተመውን መጽሐፍ «ተዋጊዎቹ ነጋዴዎች» የሚል ስም የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዘጠኙ ጀግኖች ዛሬም በየዓመቱ ይነሣሉ። በጥቅምትና በኅዳር መካከል በሚውለው የሙሩጋን በዓል ስድስት ቀን ይጾማል፤ በፍጻሜው በየቤተ መቅደሱ አደባባይ የጋኔኑ ሞት በትዕይንት ይታያል። በብዙ ቦታ የጀግኖቹን ቦታ ይዘው የሚወጡት የካይኮላር ወጣቶች ናቸው። ዓመቱን ሙሉ ጐንበስ ብሎ የሚሠራ ልጅ በዚያ ቀን ቀጥ ብሎ፣ ጩቤ ይዞ፣ በከተማው ፊት ይሄዳል።

የሥራ ዕቃውም ከሃይማኖቱ አልተለየም። የእንግሊዝ ባለሥልጣን የነበረው ኤድጋር ቴርስተን በ1909 ባሳተመው ሰባት ቅጽ መጽሐፍ ውስጥ የጻፈው አለ። ካይኮላሮች የሽመናው ዕቃ እያንዳንዱ ክፍል አንድ አምላክ ወይም አንድ ቅዱስ ጠቢብ ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ክር ከቪሽኑ እንብርት ከበቀለው የሎተስ አበባ ግንድ ወጣ፤ አማልክት ድር ኾኑ፤ ናራዳ የሚሉት ጠቢብ ማግ ኾነ፤ ብራህማ ወደ ሳንቃ ተለወጠ፤ ዓለምን የተሸከመው ታላቁ እባብ አዲሴሻ የድሩ ዋና ገመድ ኾነ። እግዲህ ሸማኔው መርገጫውን በረገጠ ቍጥር አንድ ቅዱስ መርገጡ ነው፤ ይኸ ነገር እንዴት እንደሚታረቅ ብንጠይቅ ደስ ባለን ነበር።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ፤ የካይኮላር ልማድ ሥሩ ያለው በቤተ መቅደስ ሳይኾን በመንገድ ላይ ነው የሚል ሐሳብ አለንና። በታሚል ድር «ፓቩ» ይባላል፤ ድሩ የሚዘጋጅበት ሰፊ ቦታ ደግሞ «ፓቫዲ» ይባላል። የሸማኔዎች ሰፈር መንገድ ቀጥ ያለና ሰፊ የሚኾነው ለጌጥ አይደለም፤ ድር በርዝመቱ መወጠር ስላለበት ነው። ገና ሳይነጋ ድሩ ከዳር እስከ ዳር ይዘረጋል፤ ከሥሩ እንጨት እየተሻገረ ይደገፋል። ከሩዝ የተቀቀለ ቀጭን ሙቅ ይቀባል። በግራና በቀኝ የቆሙት ሰዎች ትልልቅ ብሩሽ ይዘው፣ እርምጃቸውን አስተካክለው፣ እየጠረጉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይመላለሳሉ። ክሩ ከክር ጋራ እንዳይጣበቅ፣ ሙቁም እኩል እንዲዳረስ፣ ፀሐይ ሳትበረታ መጨረስ አለባቸው። ዝናብ ከመጣ ሥራው ይበላሻል። ሴቶች የተበጠሰውን ክር እየፈለጉ ይቀጥላሉ፤ ልጆች ቀሰም ያጠነጥናሉ። የእኛም ሸማኔ ቁጢቱን የሚያዘጋጀው ለዚሁ ጕዳይ ነው፤ ሰዎች ለስድብ ያደረጉት ቃል ጨርቁ እንዳይበጠስ የሚያደርገው ነገር ስም መኾኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም።

ይኸ ሥራ በአንድ ቤተ ሰብ ጕልበት አይሞከርም። ዛሬ የእኔን ድር የጠረገ ጎረቤት ነገ የእርሱን እጠርግለታለሁ። ከጎረቤቶቹ የተጣላ ሸማኔ ገንዘብ ቢኖረው እንኳ ድሩን የሚያነሣለት ሰው ማግኘት ይቸግረዋል። የካስቱ ሸንጎ የሚሰበሰበውም በዚያው በፓቫዲ ላይ ነበረ። የሥራው ሜዳና የዳኝነቱ ሜዳ አንድ ነው። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ «ይኽን ሰው አትቅረቡት» ሲሉ ቃላቸው ባዶ ቃል አልነበረም፤ ጠጉር ቈራጩና ልብስ አጣቢው ከቤቱ ይቀራሉ፤ ልጁን የሚያገባለት ይጠፋል፤ ከኹሉም በላይ ድሩ መንገድ ላይ አይወጣም። ንጉሥ ወታደር ሳይልክ፣ ወኅኒ ሳይሠራ፣ ሰውን የማስገዛት ኀይል ከዚህ የበለጠ የት ይገኛል?

ሸንጎው በመንደር አያበቃም ነበር። ካይኮላሮች አገራቸውን 72 «ናዱ» ብለው ከፍለውት ነበር፤ ናዱ ግዛት እንደ ማለት ነው። እነዚህ በአራት የአቅጣጫ አለቆች ሥር ይኾናሉ፤ የኹሉ በላይ የኾነው ታላቁ ጉባኤ የካማክሺ አምላካቸው መኖሪያ በኾነችው በካንቺፑራም ከተማ ነበረ። በመንደር ያልተቈረጠ ነገር ወደ ናዱ፣ ከዚያ ወደ አቅጣጫው አለቃ፣ ከዚያም ወደ ካንቺፑራም ይግባኝ ይባላል። ነገሥታት ሲነሡና ሲወድቁ ይኸ ሥርዓት ቆየ።

ስለ 72ቱ ናዱ የሚነገር አንድ አስፈሪ ተረት አለ። በ12ኛው መቶ ዓመት በቾላ ነገሥታት አደባባይ የነበረው ታላቁ ባለ ቅኔ ኦታኩታር ከካይኮላር ወገን ነበረ ይባላል። የሌላውን ኹሉ ሲያወድስ ወገኖቹን ዝም አለ። ወገኖቹ ተቈጥተው ግጠምልን አሉት። እርሱም እሺ፣ ግን 1,008 የሰው ራስ አምጡልኝ አለ። ሰባ አንዱ ናዱ ልጆቻቸውን ለዚህ ሰጡ። አንዱ ናዱ፣ የታንጆር ሰዎች፣ አንሰጥም አሉ። ባለ ቅኔው ገጠመ፤ በሌላ ቅኔም የተቈረጡትን ራሶች ወደ አካላቸው መለሳቸው ይባላል። የታንጆር ሰዎች ግን እምቢ በማለታቸው ከወገናቸው ተለይተው ቀሩ።

ተረቱን የሚናገሩት ሰዎች ስለ ሰባ አንዱ ታማኝነት ነው የሚናገሩት። እኛ ግን ባነበብነው ቍጥር ልባችን ወደ ታንጆር ይሄድብናል። ልጁን አልሰጥም ያለ አባት ጥፋቱ ምንድር ነው? ደግሞስ ልጆቹ ከሞት ተነሥተዋል እየተባለ ታንጆር ለምን አልተማረችም? የዚህ ተረት እውነት የአንገቶቹ ነገር አይመስለንም። አንድ ማኅበር የሚያቅፈውንና የሚያስወጣውን በምን እንደሚለይ የሚያሳይ ነው። ክብር የሚገኘው በመስጠት ነው፤ የሚሰጠው ደግሞ የሽማግሌው ራስ ሳይኾን የልጁ ራስ ነው።

ይኸን የምንለው ለመፈላሰፍ አይደለም። ልጅ መስጠት በተረት ብቻ የቀረ ነገር አልነበረምና። ቴርስተን እንደ ጻፈው፣ በኮይምባቶር አውራጃ በእያንዳንዱ የካይኮላር ቤተ ሰብ ቢያንስ አንዲት ሴት ልጅ ለቤተ መቅደስ አገልግሎት ትለይ ነበር። የእርሷ ዘር፣ የወለደችውም ያሳደገችውም፣ እስካለ ድረስ ሌላ አትጠየቅም፤ የእርሷ መስመር ሲቋረጥ ግን ሌላ መስጠት ግዴታ ነው። እነዚህ ሴቶች «ዴቫዳሲ»፣ የአምላክ አገልጋይ ይባሉ ነበር። ልጅቱ ገና በሕፃንነቷ ጭፈራና ዜማ ትማራለች፤ ከዚያም ታሊ የሚባለውን የጋብቻ ማተብ በአምላኩ ስም ያስሩላታል። ባሏ የማይሞት ስለ ኾነ መበለት አትባልም፤ በሠርግ ቤት መገኘቷም እንደ መልካም ዕድል ይቈጠራል። ሌላዋ የዚያ አገር ሴት የማታገኘውን ፊደልና ርስት እርሷ ታገኛለች። የኑሮዋ ሌላው ፊት ግን ይኸ ነው፤ ሰው ባል አይኖራትም፤ ገንዘብ ያለው ሰው ግን ጠባቂዋ ተብሎ ይገባል። ዘመኑ እየከፋ፣ የቤተ መቅደሱም መሬት እየጠበበ ሲሄድ የብዙዎቹ ኑሮ ወደ ምን እንደ ወረደ መናገር አያስፈልግም። ካይኮላሮቹ ለጠያቂው ኹሉ ዝምድናቸውን ይክዱ ነበር፤ በድግስ ቀን ግን በእነዚሁ ሴቶች ቤት ገብተው ይበሉ ነበር ይላል ያው ጸሓፊ።

ይኸ ልማድ እንዴት ወደቀ? አንዲት ሴት ስም እንጥራ። ሙቱላክሽሚ ሬዲ እናቷ ከዚሁ ከዴቫዳሲ ወገን ነበረች። እርሷ በ1912 ከማድራስ የሕክምና ኮሌጅ ተመርቃ ሐኪም ኾነች፤ በኋላም በማድራስ የሕግ መምሪያ ሸንጎ ውስጥ ገብታ ከ1927 ጀምሮ ሴት ልጅን ለቤተ መቅደስ መስጠት እንዲከለከል ተከራከረች። የተቃወሟት ሽማግሌዎች ብቻ አልነበሩም። ከዴቫዳሲዎቹ መካከል ብዙዎች ማኅበር አቁመው፣ ጥበባችንንና ርስታችንን አትንጠቁን ብለው አቤቱታ ጻፉ። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል አልነበረም። ክልከላው ሙሉ ሕግ ኾኖ የወጣው በ1947 ነው። ሃያ ዓመት ማለት ነው። በሕፃንነቷ የተሰጠች ልጅ በዚያ ዕድሜ ውስጥ እናት ትኾናለች።

ስለ ጋብቻ ጥቂት እንበል፤ አድማጮቻችን የሚደነግጡበት ቦታ ስለ ኾነ። እኛ ሰባት ቤት ቈጥረን ዘመድ ከኾነ ጋብቻው ይቀር ስንል፣ በታሚል አገር ግን የተመረጠችው ሙሽራ የእናት ወንድም ልጅ ናት። አጎት ልጁን ለእኅቱ ልጅ ካልሰጠ ቅር ይባላል። በወንድማማች ልጆች መካከል ጋብቻ የለም፤ እነርሱ እንደ እኅትና ወንድም ናቸው፤ በእኅትና በወንድም ልጆች መካከል ግን ምርጫው ነው። ይኸ የካይኮላር ብቻ ሳይኾን የብዙው የደቡብ ሕንድ ሕዝብ ልማድ ነው። ለሸማኔ ግን ተጨማሪ ጥቅም አለው። የምትመጣው ሙሽራ ከሕፃንነቷ ጀምራ ክር ስታጠነጥን ያደገች ናት፤ ጥሎሿም ዕዳውም በዘመድ መካከል ይቀራል።

የቀኝ እጅና የግራ እጅ ስለሚባለው ክፍፍል በአጭሩ እንለፍ። የታሚል አገር ካስቶች ብዙዎቹ በሁለት ጐራ ይቈጠሩ ነበር፤ ከመሬት ጋራ የታሰሩት በቀኝ፣ ካይኮላርን የመሳሰሉ ባለ እጆችና ነጋዴዎች በግራ። የሚጣሉበት ነገር የሠርግ ሰልፍ በየትኛው መንገድ ይለፍ፣ ለሠርጉ ዳስ ስንት ምሰሶ ይቁም የሚል ነበረ፤ ለዚህም በማድራስ ከተማ በ1707 ከፍ ያለ ሁከት ተነሥቷል። የሚያስቅ ይመስላል። ነገር ግን ከተማው የማን እንደ ኾነ የሚታወቀው በየትኛው መንገድ ከበሮ እያስመታህ ማለፍ እንደምትችል ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት የካንቺፑራም ካይኮላሮች በቃሬዛ የመቀመጥና ቀንደ መለከት የመሰለውን የባሕር ቀንድ የማስነፋት መብት እንዳላቸው በድንጋይ ተጽፎላቸው ነበር፤ ሌሎችም ያንኑ ጠይቀው አግኝተዋል።

ከመሬት አለመታሰራቸው ሌላም ኀይል ሰጥቷቸዋል። ነገሥታት በእያንዳንዱ የሽመና ዕቃ ላይ ግብር ሲጥሉና ግብሩ ሲከብድ፣ ሸማኔው ዕቃውን ነቅሎ ይሄዳል። ገበሬ እርሻውን በጀርባው አይሸከምም፤ ሸማኔ ግን ይችላል። መንደሩ ባዶ ሲቀር ግብሩን የቀነሱ ገዢዎች እንደ ነበሩ የድንጋዩ ጽሑፍ ይመሰክራል። እንግሊዞችም ይኸን ስላወቁ ሸማኔን በማባበል ነው የጀመሩት፤ በ1734 በማድራስ አጠገብ ቺንታድሪፔት የሚባለውን ሰፈር የቈረቈሩት ሸማኔዎችን ሰብስበው ለኩባንያው እንዲሠሩ ለማድረግ ነበር። ስሙም የትንንሽ ሽመና ዕቃዎች መንደር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ኹላችንም በታሪክ ክፍል ተምረነዋል፤ የማንቸስተር ጨርቅ መጣ፣ ዋጋው ወደቀ። ከ1876 እስከ 1878 በደቡብ ሕንድ የነበረው ታላቅ ረኀብ ሸማኔውን ከገበሬው አስቀድሞ መታው፤ የራበው ሰው መጀመሪያ የሚተወው ልብስ መግዛት ነውና። በመጽሐፍ ብዙ የማይነገረው ግን የዕዳው ነገር ነው። ድሃው ሸማኔ ክር የሚገዛበት ገንዘብ ስለሌለው ክሩን ከባለገንዘብ ሸማኔ በብድር ይወስዳል፤ ጨርቁን ለእርሱው ያስረክባል፤ የእጁን ዋጋ ይቀበላል። ለሠርግ ይበደራል፤ ለቀብር ይበደራል፤ ዕዳው እስኪያልቅ ለሌላ ሰው መሥራት አይችልም፤ ዕዳው ደግሞ አያልቅም። ያ ባለገንዘብ ማን ነው? ብዙ ጊዜ የዚያው ካስት ሰው ነው። በፓቫዲ ላይ አብሮት ድር የሚጠርገው፣ በበዓል ቀን አብሮት የሚጾመው ዘመዱ ነው። «እኛ የቪራባሁ ልጆች» የሚለው ቃል በወሩ መጨረሻ ሒሳብ ላይ አይገባም።

በ1920ዎቹ ዓመታት የተማሩት ልጆች ወደ መድረክ ወጡ። በ1927 የሴንጉንታር ሕዝብ ማኅበር ቆመ፤ «የሴንጉንታር ወዳጅ» የሚል መጽሔትም ነበረው። የድሮው የ72 ናዱ ሸንጎ በዚያን ጊዜ እየደከመ ስለ ነበር የእርሱን ቦታ የያዘው ይኸ ማኅበር ነው ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ለእኛ ለተማሪዎች የሚያሳፍር ነገር አለ። የተማሩት ሰዎች ከገፏቸው ነገሮች አንዱ ስሙ ነበር። መወርወሪያ የያዘ የሚለው ስም ቀርቶ የቀይ ጩቤ ሰዎች የሚለው በረታ፤ በጫፉም ባለ መሬቶቹ የሚጠሩበት «ሙዳልያር» የሚለው የማዕረግ ስም ተቀጠለ። ባለ መሬቶቹ አልወደዱትም። ሺቫ በተረቱ ጩቤውን አስቀምጠው መወርወሪያውን እንዲያነሡ አዝዞ ነበር፤ የኮሌጅ ምሩቃኑ ትእዛዙን ገለበጡት። እንፈርድባቸዋለን ብለን አይደለም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው መካከል አባቱ ሸማኔ ወይም ሸክላ ሠሪ ወይም ቀጥቃጭ እንደ ኾነ በመጀመሪያው ዓመት ለክፍል ጓደኞቹ የነገረ ስንት ነው? ቅጹ ላይ «የአባት ሥራ» በሚለው ቦታ «ነጋዴ» ብለን የጻፍን አለን።

ያው ትውልድ ግን ሌላም ሥራ ሠርቷል። በ1935 በማድራስ የእጅ ሸማኔዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ። ዛሬ ኮ-ኦፕቴክስ በሚል ስም የሚታወቀው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሸማኔው ድርሻ ከፍሎ አባል ይኾናል፤ ክሩን ከማኅበሩ ይወስዳል፤ ጨርቁን ለማኅበሩ ያስረክባል፤ ማኅበሩ በየከተማው በከፈታቸው ሱቆች ይሸጣል። ባለገንዘቡ ዘመድ በሚቆምበት ቦታ ላይ ማኅበሩ ቆመ። ኅብረቱ በሸማኔዎች ዘንድ እንግዳ ነገር አልኾነም፤ አብሮ መሥራትን ከፓቫዲ ያውቁታልና። በአንጻሩ በመንደር ማኅበር ውስጥ የባለገንዘቡ ዘመዶች ሊቀ መንበርና ጸሓፊ ኾነው የተገኙበት ጊዜም አለ። አሮጌው ልማድ መልካሙንም ክፉውንም ይዞ ነው ወደ አዲሱ ቤት የገባው።

ከካይኮላር ወገን ከተወለዱት ሰዎች የኹሉ ስም በላይ የሚታወቀው የካንቺፑራሙ አናዱራይ ነው። በ1909 ተወለደ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሸማኔዎች ጨርቃቸው ሳይሸጥ ተከምሮ በተቸገሩ ጊዜ እርሱና ጓዶቹ ጨርቁን በትከሻቸው ተሸክመው በየመንገዱ ሸጡ። በ1967 የማድራስ ዋና ሚኒስትር ኾነ፤ በ1969 መጀመሪያ ሞተ። በዚህ አጭር ጊዜ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ከርእሳችን ጋራ ይገናኛል። ካህን ሳይጠራ፣ የሳንስክሪት ጸሎት ሳይነበብ፣ ወንድና ሴት በዘመድና በወዳጅ ፊት ቃል ተለዋውጠው፣ አበባ አጥልቀው የሚጋቡት ጋብቻ በሕግ እንዲጸና አደረገ። ይኸን ጋብቻ ከ1925 ጀምሮ ያስተማረው በኤሮዴ ከተማ የተወለደው ራማሳሚ ነበረ፤ የልጆቹ ውርስ ግን በፍርድ ቤት ይናወጥ ነበርና ሕጉ ወደ ኋላም ተመልሶ ቀድሞ የተጋቡትን አጸና። ከሌላ ካስት ማግባት የሚፈልግ ሰው በዚህ በር ይገባል። የሚገቡት ግን ዛሬም ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው ካይኮላር የሚያገባው ካይኮላርን ነው።

የሽመናው ነገር ዛሬ እንዴት ነው? የሕንድ መንግሥት በ1985 ባወጣው ሕግ አንዳንድ የጨርቅ ዐይነቶች በእጅ ብቻ እንዲሠሩ ወሰነ፤ መጀመሪያ 22 ነበሩ፤ በኋላ ወደ 11 ወረዱ። በኤሮዴና በሳሌም አካባቢ የኤሌክትሪክ ሽመና በየጓዳው ሲያጓራ ይውላል፤ ባለቤቶቹም ብዙዎቹ የእነዚያው የእጅ ሸማኔዎች ልጆች ናቸው። በ2019 እና 2020 በተደረገው ቈጠራ በመላ ሕንድ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ የእጅ ሽመና ሠራተኞች ተቈጥረዋል፤ ከሸማኔዎቹም 72 ከመቶ ሴቶች ናቸው። ለዚህ ቍጥር ትልቁ ምክንያት ሽመና ድሮም የሴት ሥራ የኾነበት የአሳም አገር ነው። ነገር ግን ወንዱ ይሠራል፣ ሴቷ ክር ታዘጋጃለች በሚባልበት በታሚል አገርም ወንዶቹ ወደ ፋብሪካና ወደ ቢሮ ሲሄዱ ሚስቶቻቸው ጕድጓዱ ውስጥ ገብተው መርገጫውን መርገጥ ይዘዋል። ይኽን የወሰነ ሸንጎ የለም።

ፓቫዲ የሚለው ስም በሳሌም ከተማ ዛሬ የመንገድና የትምህርት ቤት ስም ኾኖ ይገኛል። በብዙ ቦታ ድር ተዘጋጅቶ ስለሚመጣ በጋራ የሚጠርግ የለም፤ በመንገዱም ላይ ሞተር ብስክሌት ቆሟል። በካንቺፑራምና በአንዳንድ መንደር ግን ማለዳ የሚነሣ መንገደኛ አሁንም የሐር ድር ከቤት ደጅ እስከ ቤት ደጅ ተወጥሮ፣ ባልና ሚስት ከጎረቤቶቻቸው ጋራ በግራና በቀኝ ቆመው ሲያበጥሩት ያያል፤ ባለ መኪናውም እስኪጨርሱ ቆሞ ይጠብቃል ወይም ዞሮ ይሄዳል።

ለጥያቄ ጊዜ እንዲተርፍ እዚህ ላይ እናቆማለን።